ኔትወርክ ሲሄድ የማይቆም ሥራ

የምንሠራው ለሱቆች፣ ለሆቴሎችና ለትንንሽ አምራቾች ድረ ገጽና ማስታወቂያ ነው። እኔ ደሴ ነኝ። ዲዛይን የሚሠራው ልጅ ኮምቦልቻ ይኖራል። ኮድ የምትጽፈው አዲስ አበባ ናት። ቢሮ የለንም።

ድሮ ከባድ ፋይል ከኮምቦልቻ የሚመጣልኝ በፍላሽ ነበር። ለሚኒባስ ሹፌር ይሰጣል፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መናኸሪያ እቀበለዋለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ደንበኛው "ቀለሟን ትንሽ አድምቋት" ካለ ፍላሹ ተመልሶ ይወርዳል።

ሥራውን ወደ ኦንላይን ሳዞር መሣሪያ የመረጥኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ኔትወርክ ሲሄድ ምን ይሆናል? እኛ ጋ ይሄን ሳይጠይቁ መጀመር አይቻልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። የመብራቱን ነገር ተዉት።

በዚህ መለኪያ የኮድ ለውጦችን እየመዘገበ የሚያስቀምጠውን ጊትን የሚያህል አላገኘሁም። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እንደ ፈረንጆቹ ሲሠራው የፕሮጀክቱ ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ሥራው ይመዘገባል፤ መስመር ሲመጣ ይላካል። ጎግል ዶክስም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ግን መስመር እያለ ቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማስበራው ይህን ነው። ከባድ ፋይል በሌሊት ጥቅል ይጫናል፣ ርካሽ ስለሆነ።

የሥራ ቡድኖች መልእክት የሚለዋወጡበትን ስላክን ብዙ ሰው ያወድሰዋል። ነፃው ግን ከ90 ቀን በላይ የሆነ መልእክት አያሳይም፤ ለመክፈል ደግሞ የዶላር ካርድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቴሌግራም። ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። ችግሩ እኛው ነን። ድምፅ መላክ እንወዳለን። ዋናው ውሳኔ ከሰላምታው፣ ከቤተሰቡ ጤናና ከአየሩ ሁኔታ በኋላ ረጅም ድምፅ መሃል ተቀብሮ ይገኛል። በኋላ ማን ያገኘዋል? አሁን ደንባችን ቀላል ነው፦ በድምፅ እንዳሻህ አውራ፣ ውሳኔ ከሆነ ግን ትሬሎ በሚባለው የሥራ ሰሌዳ ካርድ ላይ ጻፈው። ያልተጻፈ አልተወሰነም።

ትሬሎ ላይ አራት ዓምድ አለን፦ የሚጀመር፣ በሥራ ላይ፣ ደንበኛ እጅ ያለ፣ ያለቀ። ከሁሉም ያስተማረኝ ሦስተኛው ነው። ሥራ ሲዘገይ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ዲዛይነሩ ላይ ነበር። ካርዶቹ ሲደረደሩ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው "እሺ" የሚል ጠፍቶ እንደሆነ ታየ። አንድ ሱቅ የሦስት ወንድማማቾች ነው እንበል። አንዱ አረንጓዴ ይላል፣ አንዱ ወርቃማ፣ ሦስተኛው ስልክ አያነሳም። አሁን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሰው ስም ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ከየትኛውም አፕሊኬሽን በላይ የጠቀመን ይህች አንዲት መስመር ናት።

ሁላችንም በተመሳሳይ ሰዓት እንድንገኝ አለመጠበቁም ለወሎ ልጆች ይመቻል። በረመዳን ከሱሁር በኋላ ቁጭ ብሎ ሥራውን የሚጨርስ አለ። በፍልሰታ ከቅዳሴ ወጥቶ የሚጀምር አለ። ካርዱን አንብቦ ይቀጥላል፤ ማንም ማንንም አይቀሰቅስም። ስብሰባ ካስፈለገ ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋብናል። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

ሁሉም ደንበኛ ግን በስክሪን አይገባም። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ያሉ አንድ ሐጂ "ልጄ፣ ይሄ በስልክ አይሆንም፤ ና ቁጭ ብለን እንየው" አሉኝ። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ሁላችንም በአንድ ላይ ዲዛይን የምናይበትና የምናስተካክልበት ፊግማ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። የሱቁ ስም አነሰብኝ አሉ፤ ካርዱ ላይ ጻፍኩት። ሻዩን ሳንጨርስ ኮምቦልቻ ያለው ልጅ አይቶት ኖሮ ፊደሉ ዓይናችን እያየ መተለቅ ጀመረ።

"ማነው የሚነካካው?" አሉ ደንግጠው።

ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "በል እንግዲያው እዚያው ላይ እያለ ስልክ ቁጥሩንም ያሳድገው" አሉ።