ውሃው የት ቀረ?

ልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ሰሞኑን ውሃ ለመሙላት ዘመን እየፈጀ ነው። መጀመሪያ ላይ ልብ አላልኩትም። ማሽን ከፍቶ ማን ቆሞ ያያል? ዛሬ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ደቂቃ ንቅንቅ አልል አለ። ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ ሰማሁት። ሻ ብሎ ይገባ የነበረው ውሃ አሁን እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል።

ባለቤቴ «ቫልቩ ሄዷል፣ ባለሙያ ጥራ» አለችኝ። ቫልቭ ማሽኑ ውስጥ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ቫልቭ ውድ ጥርጣሬ ነው። እኔ ደግሞ ርካሹን ጥርጣሬ ሳልጨርስ ወደ ውዱ መሄድ አልወድም። ስለዚህ ከቧንቧው ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ጎማ አየሁት፤ ማሽኑ ወደ ግድግዳ ሲገፋ ጎማው ታጥፎ ውሃውን ማነቁ የተለመደ ነው። የኛ አልታጠፈም።

ቀጥሎ ባልዲ አመጣሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ቧንቧውን ዘጋሁ፣ ጎማውን ከማሽኑ በኩል ፈትቼ ባልዲው ውስጥ ከተትኩና ቧንቧውን መልሼ ከፈትኩት። ውሃው እየተምዘገዘገ ወጣ። ባልዲው ወዲያው ሞላ። ይቺ ሙከራ አምስት ሳንቲም አታስወጣም፣ ነገሩን ግን ለሁለት ትከፍለዋለች። ባልዲው ውስጥም ውሃው ቀጭን ቢሆን ኖሮ ማሽኑን ትቼ ወደ ቧንቧው መስመር ነበር የምሄደው።

ግፊት ዋና ነገር ነው። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ ግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ይፈልጋሉ። ውሃ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ታንከሩ ከማሽኑ በላይ 2 ሜትር ላይ ከተቀመጠ 0.2 ባር ብቻ ያገኛል ማለት ነው። ቫልቩ ራሱም በውሃው ጉልበት ነው የሚሠራው፤ ይህን ሳውቅ ገርሞኛል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ኮይሉ (የተጠቀለለው ሽቦ) ማግኔት ይሆንና ትንሽ ብረት ስቦ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ይከፍታል። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ትልቁን የላስቲክ ሽፋን ገፍቶ የሚያነሳው የውሃው ግፊት ነው። ግፊቱ ከደከመ ጤነኛ ቫልቭም በደንብ አይከፈትም። ስንቱ ደህና ቫልቭ በዚህ ሰበብ ተፈትቶ ተጥሏል!

የኛ ውሃ ግን ጉልበት አለው። እንግዲህ የቀረው ጥርጣሬ ውሃው ወደ ማሽኑ የሚገባበት በር ላይ ነው። በስልኬ መብራት የውሃ መግቢያውን አየሁት። ውስጡ የጣት ጫፍ የምታክል የፕላስቲክ ወንፊት ተወሽቃለች። ወንፊት መሆኗን ያወቅሁት ግን ስለማውቅ ነው እንጂ አንድም ቀዳዳ አይታይም። ቡናማ ደለል ለብሳለች፣ ጥቂት የአሸዋ ቅንጣት፣ የዝገት ቅርፊት፣ ከጎማው ጎሚኒ የተቆረሰ ጥቁር ፍርፋሪም አለባት። መሃሏ ላይ ያለችውን ጆሮ በፒንሳ ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኳት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስፈትጋት ደለሉ ለቀቀ፤ ነጩ የኖራ ቅርፊት ግን እምቢ ስላለ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኳት።

እስክትለቅ ድረስ «ያለሷ ቢሠራስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አይሆንም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አልፋ ቫልቩ ውስጥ ከተሰነቀረች ቫልቩ አይዘጋም። ያኔ ማሽኑ ጠፍቶም ውሃ ይሞላል፤ ቤቱ ሐይቅ ይሆናል።

በዚያው የቆሻሻ ውሃ መውጫውን ጎማ አየሁት። እሱ ወለል ላይ ከተጋደመ ውሃው እየገባ ይወጣል፣ ማሽኑም ሲሞላ ይውላል። ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። የኛው ደህና ተሰቅሏል። ለቀዝቃዛና ለሙቅ ውሃ ሁለት ማስገቢያ ጎማ ያለው ማሽን ደግሞ ሌላ ፍንጭ አለው፤ በቀዝቃዛ ቶሎ ሞልቶ በለብታ ከዘገየ የሙቅ ውሃው ወንፊት ይታይ።

ወንፊቷን መልሼ፣ ጎሚኒውን አስተካክዬ፣ ጎማውን በእጄ አጠበቅኩ። በፒንሳ አስጨንቆ ማጥበቅ ክሩን ይበላዋል። ቧንቧውን ከፍቼ መገጣጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ዳበስኩት፤ አላንጠባጠበም። ማሽኑን ሳበራው ሻ አለ።

ባለቤቴ ኮምጣጤው ሳህን ውስጥ የቀረውን ዝቃጭ አየችና «ሻወሩም እኮ ደክሟል» አለች። እውነቷን ነው፣ ውሃው አንድ ነው። ኮምጣጤው ሳይደፋ የሻወሩን ጭንቅላት ፈትቼ እዚያው ሳህን ውስጥ ከተትኩት።