ጦር ውርወራ በደሴና በኮምቦልቻ ሜዳ፦ ሥራዬን ከግራ እግር እንዴት እንደጀመርኩ

ጦር ውርወራ የሚጀምሩ ልጃገረዶች መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ክንዳቸው ነው። እኔ ግን ሥራውን የያዝኩት ከግራ እግር ነው፤ በቀኝ እጅ ስለምወረውር። በሩጫ የመጣውን ፍጥነት የተዘረጋው ግራ እግር በድንገት ሲያቆመው፣ ያ ፍጥነት ከዳሌ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ትከሻ፣ በመጨረሻም ወደ እጅ ይሻገራል። ጉልበት ከታጠፈ ፍጥነቱ እዚያው ይጠፋል። የጎደለውን ክንድ ሊሞላ ይሞክርና ክርን ይጎዳል።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። የሴቶች ጦር 600 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱም ከ2.20 እስከ 2.30 ሜትር ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ነጥብ ከፊት ጫፉ ከ80 እስከ 92 ሴንቲ ሜትር መካከል መዋል አለበት። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጃገረዶች በ500 ግራም ይወረውራሉ። ደረጃውን የጠበቀ ጦር እስኪገኝ ቀርከሃ ይበቃል። ቀጥ ያለና በደንብ የደረቀ ቀርከሃ በ2.20 ሜትር ቁረጪ፣ በሱቅ ሚዛን መዝኚው፣ ከከበደ ከኋላ በኩል ፋቂው። ከዚያ በአንድ ጣት ላይ አስቀምጠሽ የሚቆምበትን ቦታ ፈልጊ። ነጥቡ ወደ ኋላ ከሸሸ ከጫፉ አካባቢ ቀጭን ሽቦ ጠምጥሚ። በነጥቡ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲባጎ ጠቅልለሽ መያዣ አድርጊው። ቀርከሃ ስለሚሰነጠቅ ከልምምድ በፊት ሁልጊዜ በእጅሽ ዳስሺው፤ ስንጣሪው መዳፍ ይበሳል። በዚህ ጦር ቴክኒክ ይለመዳል እንጂ ርቀት አይለካበትም።

አያያዝ ላይ ብዙ አልቆይም። እኔ መሃል ጣቴንና አውራ ጣቴን ከመያዣው የኋላ ጠርዝ ላይ አሳርፋለሁ፣ ጠቋሚ ጣቴ በዘንጉ ላይ ይተኛል። ጦሩ በመዳፍ ውስጥ በአግድም ሳይሆን በሰያፍ ይቀመጥ። ክርኗን የሚያማት ግን ዘንጉን በጠቋሚና በመሃል ጣት መካከል ብትይዘው ይቀላታል።

ልምምዱን የሠራሁት በደረጃ ነው። መጀመሪያ ተንበርክኬ ባለ 2 ኪሎ ሜዲስን ቦል (ከባድ የልምምድ ኳስ) በሁለት እጅ ከራስ በላይ መወርወር፤ እዚህ ላይ ደረት ከእጅ ቀድሞ መውጣትን ይለምዳል። ቀጥሎ ቆሜ ጦሩን ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ምልክት መትከል፤ ዓላማው ርቀት ሳይሆን ጦሩ ሳይወዛወዝ በጫፉ እንዲተከል ነው። ይህ ሳይስተካከል ወደ ሦስት እርምጃ፣ ሦስቱ ሳይስተካከል ወደ አምስት አላለፍኩም። ሙሉ መንደርደሪያ የመጣው በመጨረሻ ነው፦ ከ8 እስከ 10 የሩጫ እርምጃ፣ ከዚያ ጎንን ወደ ፊት አዙሮ አንዱን እግር በሌላው ፊት የማሳለፍ አምስት እርምጃ። ከአምስቱ የመጨረሻው ረዘም ይላል፣ ቀኝ እግር ቀድሞ ያርፍና ግራው ወዲያው ይከተላል። በሁለቱ መካከል ጊዜ ከባከነ ውርወራው አልቋል። ከመስመሩም 2 ሜትር ያህል ማቆሚያ መተው አለበት፤ ያለዚያ ጥሩ ውርወራ በፋውል ይሰረዛል።

ስህተትን የሚነግርሽ ጦሩ ራሱ ነው። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ወጥቶ ጭራው ቀድሞ ከወደቀ፣ እጅሽ ከጦሩ በታች እየገፋ ነው፤ ጦሩ ከእጅ የሚወጣበትን አንግል ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ውስጥ አቆዪው፣ ከፊት ንፋስ ካለ ደግሞ ዝቅ አድርጊ። ወደ ግራ ከሄደ ግራ ትከሻሽ ቀድሞ ተከፍቷል። ዘንጉ በአየር ላይ ከተንቀጠቀጠ የሳብሽው በርዝመቱ መስመር አይደለም። ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ ቪዲዮ እያየ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ በ92.72 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ አሰልጣኝ ለሌላት ልጅ ትልቅ ብርታት ነው። ስልክሽን ከጎን በኩል በትከሻ ቁመት አስቀምጠሽ ቅረጪ፣ የግራ ጉልበትሽን ብቻ ተመልከቺ።

ስለ ቦታው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ጦሩን የሚገታውም የሚደግፈውም አየር ያንሳል። ኮምቦልቻ በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው የሐረጎ ዳገት ቁልቁል ብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ትላለች። ስለዚህ የሁለቱን ርቀት አላመሳክርም፣ ለየብቻ እመዘግባለሁ። ክረምት ላይ የደሴ ሣር ሲረጥብ ሙሉ መንደርደሪያ አልሠራም፦ ግራ ተረከዝ ከተንሸራተተ ብሽሽትና ጉልበት ይጎዳሉ። ያን ጊዜ ሜዲስን ቦል፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እና የደረጃ ዝላይ ይተካሉ፤ የመንደርደሪያው ሥራ ሜዳው እስኪደርቅ ይቆያል።

ሜዳው የሕዝብ ነው፤ እረኛም ተማሪም ያቋርጠዋል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይወርውር፣ ሁሉም ወርውሮ ሳይጨርስ ማንም ጦሩን ለማንሳት አይሂድ። ጦር ሲነቀል ጭራው ወደ ኋላ ስለሚመጣ ከኋላ ያለ ሰው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ለክርንና ለትከሻ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ከምሰሶ ላይ አስሬ፣ ክርኔን ከጎኔ ሳልለይ ክንዴን ወደ ውጭ እስባለሁ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በጥንካሬ የምወረውርባቸው ቀናት መካከል ቢያንስ 48 ሰዓት አለ፣ በአንድ ቀን ከ30 ውርወራ አይበልጥም። የክርን የውስጥ ጎን ካመመሽ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ክርኑ በውርወራ ወቅት ከትከሻ በታች መውረዱ ነው። ዕረፍት ብቻውን አያድነውም፤ ቴክኒኩ ይታረም።

ኢትዮጵያ በሩጫ ስለምትታወቅ ለወርዋሪ የሚሰጠው ትኩረት ትንሽ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ርቀቱ ግን በቁጥር ግልጽ ነው። ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ በቀጥታ ለማለፍ የተጠየቀው 64.00 ሜትር ነበር። ጃፓናዊቷ ሐሩካ ኪታጉቺ ወደ ቼክ ሪፐብሊክ ሄዳ በቼክ አሰልጣኝ ሥር ሠርታ፣ እዚያው ፓሪስ በ65.80 ወርቅ ወሰደች። የቼኳ ባርቦራ ሽፖታኮቫ እ.ኤ.አ. በ2008 የወረወረችው 72.28 ዛሬም የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካዊቷ ሱኔት ቪልዮን እ.ኤ.አ. በ2012 እስከ 69.35 ደርሳለች። በ40 ሜትር ላይ ያለች ልጅ እነዚህን ቁጥሮች አይታ መንደርደሪያዋን ማስረዘም የለባትም። መጀመሪያ ከአምስት እርምጃ የምትወረውረው ከቆመችበት ከምትወረውረው በግልጽ ይብለጥ። ካልበለጠ ግራ እግሯ ገና ማቆም አልጀመረም፣ የፍጥነት ልምምድ ሳይሆን ወደ ሦስት እርምጃ መመለስ ያስፈልጋታል።