ሻፍቱ የማን ነው?

«ሰው ቤት ሲገዛ ሻፍት አይገዛም» ያለኝ አለቃዬ፣ የቢሮአችን ዋና አርክቴክት ነው፣ ጊዜው ሄዶም ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሻፍት ማለት የውሃና የፍሳሽ ቧንቧዎች ከላይ እስከታች በየፎቁ የሚያልፉበት ጠባብ ክፍተት ነው። ፕሮጀክቱ ኮዬ ፈጬ አካባቢ የአንድ የቤት ማህበር ጂ ፕላስ ሰባት ነበር፣ ምድሩ ሱቅ፣ ከዛ በላይ በየፎቁ አራት አራት ቤት፣ መታጠቢያ ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሻፍቱ በሁለት ቤት መሀል ይወርዳል። እኔ 80 በ120 ሴንቲሜትር አድርጌ ለጥገና የሚገባበትን በር ወደ ደረጃው ኮሪደር አውጥቼ ነበር የሳልኩት። እሱ 40 በ60 አደረገውና በሩን በአንዱ ቤት ሻወር በኩል አዞረው። በአንድ ሻፍት በየፎቁ 0.72 ካሬ ተገኘ፣ መኝታ ቤቱ ላይ ቁምሳጥን ገባ፣ ማህበሩም ፕላኑን ሲያይ ደስ አለው።

ከዛ በፊት ስስል የኖርኩት ቪላ ነው። ቪላ ላይ የሽንት ቤቱ ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ ግቢ ይወጣል፣ ማንሆል፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ አለቀ፤ ከተደፈነም ባለቤቱ የራሱን ግቢ ይቆፍራል። አፓርታማ እንደዛ አይደለም። የሰባተኛ ፎቅ ሰው ያፈሰሰው ውሃ በስድስት ሰው አልጋ ራስጌ አልፎ ነው መሬት የሚደርሰው። በዛ ላይ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከታች ታንከር፣ ከላይ ሮቶ፣ በመሀል ፓምፕ፣ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ቧንቧ፣ ከዛ ሁሉም ሰው የራሴ ቆጣሪ ይኑረኝ ስለሚል ለየቤቱ የሚወርድ ሌላ ፒፒአር የሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ። እሱ ላይ ባለ 110 ሚሊሜትሩን የሽንት ቤት ቧንቧ፣ የሻወርና የእጅ መታጠቢያውን ለብቻ፣ የአየር ማስወጫውን ጨምሩበት። ይሄ ሁሉ ነው 40 በ60 ውስጥ ግባ የተባለው። ተማሪ እያለን ስቱዲዮ በሚባለው የዲዛይን ትምህርት ላይ አፓርታማ ሰርተን ጁሪ፣ ማለትም ገምጋሚ መምህራን ፊት ቀርበናል፣ ስለ ህንፃው ፊት ገፅታና ስለ ኮንሴፕቱ ተፋጠናል፣ አንድ መምህር እንኳን ቧንቧው ሲፈነዳ በየት ትገቢያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

የጠየቁኝ ጋሼ ናቸው። ሳይቱ ላይ ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፣ የቧንቧ ስራውን በነጥብ፣ ማለትም በቀን ሳይሆን በሰሩት ልክ እየተከፈላቸው የያዙ ሰውዬ፣ ለብዙ ዓመት ኮንዶሚኒየም ሲጠግኑ የኖሩ። የአንደኛ ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ፎርምወርኩ ተሰርቶ፣ ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ ፌሮው እየታሰረ እያለ ስሊቭ፣ ማለትም ኮንክሪቱ ሲሞላ ለቧንቧው ቀዳዳ የሚያስቀር ቁራጭ ሊያስቀምጡ መጡ። የሻፍቱን ክፍት አዩት፣ ምንም አላሉም፣ ከጣውላ ቁራጭ ላይ ልክ የሻፍቱን የሚያህል አራት ማእዘን አስመቱና መሬት ላይ አቆሙት፣ የ110 ቁራጭ ሁለት ከተቱበት፣ ከዛ እጃቸውን ከነመፍቻው አስገቡ።

«እጄ ገባ ልጄ። መፍቻው የት ይዙር?»

ዝም አልኩ። መፍቻው አንዴ ግድግዳውን አንዴ ቧንቧውን ይመታል፣ ሩብ ዙር እንኳን አይሄድም።

«እሺ ይሄን ተይው፣ አጭር መፍቻ እገዛለሁ። በሩ በየት ነው?»

«በዚህኛው ቤት ሻወር በኩል ነው ጋሼ።»

«የማን ቤት ነው?»

«ገና እጣ አልወጣም።»

«እሺ እጣ ወጣ፣ ለአንዱ ደረሰው። ሰውዬው አረብ ሀገር ነው፣ ቤቱን ቆልፎታል፣ ቁልፉ ደሴ እህቱ ጋ ነው። ከታች ያለችው ሴትዮ ኮርኒስ ላይ ውሃ እየወረደ ነው፣ ልጅ ታቅፋለች። እኔን ጠራችኝ። ማንን ነው የማንኳኳው?»

ይሄን ሲሉ አልተቆጡም፣ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ በእውነት መልስ እየጠበቁ ነበር የሚያዩኝ። እኔ በሩን ኮሪደር ላይ ያደረግኩት መፅሃፍ ላይ እንደዛ ስላለ ነው፣ ከጀርባው ያለችውን ሴትዮ ያየኋት ግን ያን ቀን ነው። ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም ገርጂ ላይ በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ የከተማው ዳር በሙሉ ብሎክ በብሎክ ሆኗል፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ እና ብዙ ቦታ በውጭ ግድግዳው ላይ ቧንቧ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። እኔ የነዋሪው ግዴለሽነት ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ግን «የውስጡ ሲበላሽ ሰው እንዴት ይድረስበት? ሴራሚክ ሰብሮ ወይ የጎረቤት በር ሰብሮ ነው፣ እሱን ከሚያደርግ በራሱ ብር በውጭ ይዘረጋል» አሉኝ። በራሳቸው እጅ ስንቱን እንደዘረጉት እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ለሳይት ስብሰባው አለቃዬ መጣ። ጋሼ በትህትና «ኢንጂነር፣ እርስዎ ካዩት…» ብለው ሲጀምሩ «አንተ ስሊቭህን አስቀምጥ፣ ዲዛይኑን ለኛ ተውልን» አላቸው። አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እዛ ያለው ፎርማን አንገቱን ደፋ። እኔ ግን አልቻልኩም፣ እንዲህ አልኩ፤ የጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ ህንፃውን የግል ቤትና የጋራ መጠቀሚያ ብሎ ይለየዋል፣ ብዙ ቤት የሚያገለግል ቧንቧ የጋራ ከሆነ በሩ አንድ ሰው ሻወር ውስጥ ምን ይሰራል? እሱ ነው ያቺን የሻፍት አይገዛም ንግግሩን ሁሉም ፊት የደገማት። ኮንትራክተሩ በበኩሉ አሁን ሻፍት ካሰፋችሁ ሪብ (በብሎኬቱ መሀል የሚያልፈው የኮንክሪት ማገር) ይነሳል፣ ስትራክቸራሉ፣ ማለትም የህንፃው የመሸከም ስሌት እንደገና ይታይ፣ ቀኑ ይቆጠርልኝ አለ፣ እሱም እውነቱን ነው።

ነገሩን የለወጠው እኔም አዋጁም አይደለንም። የማህበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት፣ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው፣ «እኛ ብሎክ እኮ ሶስተኛ ፎቅ እንደዚህ ተቆልፎ ክረምቱን በሙሉ ባልዲ ደቅነን ነው ያሳለፍነው» አለች። ከዛ በኋላ ክርክር አልነበረም። ስትራክቸራሉ መሀንዲስ መጥቶ ሪቡን አስጠጋው፣ ሻፍቱ 60 በ100 ሆነ፣ በሩ ወደ ኮሪደር ዞረ፣ ቁምሳጥኑ ጠበበ።

አሁንም የሚያንገበግበኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአማካሪ ቢሮው ጥናት መሰረት ማሻሻያ ተደርጓል» ተብሎ ተፃፈ። ጥናቱ የጣውላ ቁራጭና የጋሼ መፍቻ ነበር። በነጥብ ስለሚሰሩ ኮንክሪቱ የቆመበትን ጊዜ የከፈላቸው የለም፣ እኛ ግን የማሻሻያ ስእሉን ለብቻ አስከፍለንበታል። ስማቸው ይግባ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ «እሱ ምን ብሎ ይገባል፣ ማእረጉ ምንድነው?» ተባልኩ።

እኔ አሁን የመኖሪያ ህንፃ ስጀምር መጀመሪያ ደረጃውንና ሻፍቱን ነው የማስቀምጠው፣ መኝታ ቤቱ ከዛ በኋላ ይመጣል፣ እርጥብ ክፍሎች፣ ማለትም መታጠቢያ ቤትና ኩሽና፣ ከላይ እስከታች አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ፕላኑን አላሳልፍም። ይሄ ግን ስራ አምጥቶልኛል ብል ውሸት ነው። አንድ ደንበኛ ፕላኑን ገና ሲያየው «ይቺ ሳጥን ምንድናት፣ ሳሎኔን ለምን ትበላዋለች?» አለኝ፣ የጋሼን ጥያቄ አንድ በአንድ አስረዳሁት፣ ገባኝ አለ፣ ከዛ ፕላኑን ይዞ ሌላ ቢሮ ሄደ። አለቃዬ እሷኑ አረፍተ ነገር አስታወሰኝ።

አሁን የያዝኩት ቱሉ ዲምቱ ያለ የሌላ ማህበር ህንፃ ነው። ሻፍቱ 80 በ120 ነው፣ በሩ ኮሪደር ላይ ነው። የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ መስመር) ስእሉ ሳይፈረም ጋሼ እንዲያዩት ለቢሮው ደብዳቤ አስገብቻለሁ፣ እሳቸውም እሺ ብለዋል። የቀናቸውን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ከፋይናንስ ጋር ገና አልተስማማንም።