ቡቱ እርካብ ውስጥ አልገባም

አለቃዬ ቴክሳስ ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። አዳማ ላይ የካውቦይ ልብስ ቤት ልከፍት ነው ሲል ጓደኞቹ ሳቁበት። "ለማን ልትሸጥ? ለሠርግ ዘፋኝ?" አሉት። እሱ ያሰበው ግን በአሰላ መስመር በሚኒባስ የሚመጡትን የአርሲ ፈረሰኞች ነው።

እውነትም እነዚህን ሰዎች አይቶ የሚሸጥላቸው አልነበረም። አዳማ ሲመጡ ፈረሱ ቤት ነው የሚቀረው። ከተማው ውስጥ ፈረስ ማለት የጋሪ ፈረስ ነው፤ ስለዚህ ማንም ፈረሰኛ ብሎ አያስባቸውም። ቡቲኩ ሁሉ ጠባብ ጂንስና ስኒከር ደርድሯል። ሰውየው ዞሮ ዞሮ ከሰልባጅ ተራ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል፤ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ሱሪው ከመቀመጫው ይተረተራል።

እኔ ሻጭ ሆኜ ገባሁ። የሱቁ ኩራት የካውቦይ ቡቱ ነበር። አለቃዬ ስለ እሱ ሲያስረዳ ከመስማቴ ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ። አፍንጫው የሾለው እርካብ ውስጥ ቶሎ እንዲገባ ነው። ተረከዙ ከፍ ያለው እግር በእርካቡ አልፎ እንዳይሄድ ነው። አንገቱ ሰፋ ያለው ደግሞ ሰው ከፈረስ ቢወድቅ እግሩ ከጫማው ሾልኮ እንዲወጣ ነው፤ እርካብ የያዘው ሰው መሬት ለመሬት ይጎተታላ።

አንድ ቀን ቡሉኮ የለበሱ አባት ከልጃቸው ጋር ገቡ። ቡቱን አነሱት። አገላበጡት። ቆዳውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። አለቃዬ ወንበር ስቦ "አባቴ፣ ቁጭ ብለው ይሞክሩት እስቲ" አላቸው። ልክ ሆነ። ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ሣጥኑን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

"ለእርካብ የተሠራ ነው አልክ?"

"አዎ አባቴ! ለዚያው ነው እንጂ።"

ልጃቸውን በዓይን ጠቀስ አደረጉት። ልጁ ከፌስታል ውስጥ ሁለት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ሊያስጠግኑ ይዘዋቸው መምጣታቸው ነበር። አለቃዬ የቁልፍ ማንጠልጠያ መስሎት ነበር መሰለኝ፣ ዝም ብሎ ያያል። እሳቸው አንዱን አንስተው ቡቱ አፍንጫ ላይ አጠለቁት። ጫፉ ላይ ቀረ። ገፋ አደረጉት፤ ወይ ፍንክች!

"የኛ እርካብ ይቺ ናት። አውራ ጣት ብቻ ነው የምትገባባት። በባዶ እግር።"

በባዶ እግር፣ በአውራ ጣት መርገጥ በአገራችን የቆየ ነው። እኔ ግን የከተማ ልጅ ነኝ፣ ሰምቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ብወድቅ ጣቴ ትወጣለቻ! ሙሉ እግሬን ሰጥቼ ፈረስ ይጎትተኝ?" አሉ። አለቃዬ ሳቁ መጣ። ቴክሳስ የፈሩትና አርሲ የፈሩት አንድ ነው፤ አንዱ መፍትሔውን ጫማው ላይ ሠራው፣ ሌላው እርካቡ ላይ።

ሰፊ እርካብ ያለው ፈረሰኛም አይጠፋም፤ እሱ ቡቱን ይገዛል። እሳቸው ግን ቡቱን አውልቀው ባርኔጣ ጠየቁ። የሱፍ ባርኔጣውን ደፍተው ገና በር ላይ ሲደርሱ የአዳማ ነፋስ ወሰደው። የነፋስ ኃይል ማመንጫ በከንቱ እዚህ አልተተከለም። ልጁ ሮጦ ከባጃጅ ጎማ ሥር አወጣው። አለቃዬ እዚያው አንድ የጫማ ክር ቆርጦ የአገጭ ማሰሪያ አበጀለትና ተሸጠ። አሁን ከቆዳ ሠራተኛ ጋር ተነጋግረን ሁሉም ባርኔጣ ከነማሰሪያው ነው የሚወጣው።

ከዚያ በኋላ አለቃዬ አሮጌ ኮርቻ ገዝቶ ከመሞከሪያው መጋረጃ ጎን በእንጨት ላይ ጫነው። ሱሪ የሚገዛ ሰው መስታወት ፊት ከመቆም አልፎ ኮርቻው ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ የከተማ ልጆች ፎቶ መነሻ አደረጉት፤ ይሁን፣ ማስታወቂያ ነው። ዋናው ሥራ ግን እዚያ ላይ ይታያል። የቆመ ሰው "ልክ ነው" ያለውን ሱሪ ሲቀመጥ "አንቆኛል" ይላል።

አንድ ወጣት እንዲህ ሊሞክር የራሱን ግላስ፣ የፈረሱን የኮርቻ ልብስ፣ ኮርቻው ላይ አነጠፈ። ለሠርግ የተጠለፈ፣ የሚያምር ግላስ። ሲነሳ የኋላ ኪሱ የመዳብ ምስማር ክሩን መዞ አወጣው። "ወንድሜ፣ ይሄ ሱሪ ነው ወይስ መሮ?" አለኝ። አለቃዬ ክሩን መልሶ አስጠገነለትና ታሪኩን ነገረን። ያን ምስማር ጂንስ ላይ ያመጣው ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ በ1873 እ.ኤ.አ. ከሌቪ ስትራውስ ጋር የፈጠራ መብት አወጡበት። ደንበኞች ኮርቻና ወንበር ቧጠጠብን ብለው ስላማረሩ ሌቪስ በ1937 የኋላ ኪሱን ምስማር በጨርቅ ሸፈነው። የኛ ዕቃ ርካሽ ቅጂ ስለሆነ ምስማሩ አፍጥጦ ነው የመጣው። አሁን የኋላውን እየነቀልን፣ ልብስ ሰፊ በክር እያጠበቀልን እንሸጣለን። ዋጋ አልጨመርንም።

ቡቱ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እውነትም ሠርግ ዘፋኞች ይወስዱታል። የሰሞኑ ራስ ምታታችን ሌላ ነው። ሚስቶቹ አብረው መምጣት ጀምረዋል። ባሎቻቸው ኮርቻው ላይ ሲወጡና ሲወርዱ አንዷ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየችና "ለኛስ ምን አላችሁ?" አለች። አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ባርኔጣው።