ቀኑ ለፓርቲሽን፣ ነጋዴው ለማከፋፈያ

የምሠራበት ድርጅት ለነጋዴዎች የክፍያ አገልግሎት ይሰጣል። ክፍያ ሁሉ የሚገባው አንድ ቴብል ውስጥ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላው ከግማሽ ቢሊዮን ረድፍ አለፈ፣ ኢንዴክሱም (ረድፍ ቶሎ የሚፈለግበት ማውጫ) ከሰርቨሩ ሚሞሪ በላይ ሆነ። የቆየ ዳታ በዲሊት ስናጠፋ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፣ ከዚያ ቫክዩሙ (የጠፉት ረድፎች የያዙትን ቦታ የሚያጸዳው ሥራ) ደግሞ በማግስቱ ይቀጥላል። ስለዚህ ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ላይ ሲተስ የሚባለውን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ሶፍትዌር) ጭነን ወደ ክላስተር (አብረው ወደሚሠሩ ማሽኖች) ሄድን፤ ሥራ የሚያከፋፍል አንድ ኮኦርዲኔተር፣ ዳታውን የሚይዙ አራት ወርከር።

ሲተስ ቴብሉን የሚያከፋፍልበትን አንድ አምድ ምረጡ ይላችኋል። የዚያን አምድ ዋጋ ሀሽ አድርጎ (በቀመር ወደ ቁጥር ለውጦ) ረድፉ የትኛው ሻርድ (የቴብሉ ቁራጭ) ውስጥ እንደሚገባ ይወስናል። እኛ ካልቀየርነው ሻርዶቹ 32 ናቸው፣ ለአራቱ ኖድ (ወርከር ማሽን) ስምንት ስምንት ይደርሳቸዋል። እኛ የክፍያውን ቀን መረጥን። ሪፖርታችን በሙሉ በቀን ስለሆነ ትክክል መስሎን ነበር፤ ማንም አልተከራከረም።

የበዓል ዋዜማ ደረሰና ጉዱ ወጣ። ሰው ካሸር ፊት ቆሞ እየጠበቀ፣ ክፍያው እየተጠራቀመ፣ እኔ ሞኒተሩን ከፍቼ የማየው አንዱ ኖድ ሲፒዩው ሞልቶ ሲያቃስት ሦስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነው። በኋላ ሻርዶቹን ሪባላንስ አደረግን (በኖዶቹ መካከል እንደገና አደላደልን)፣ ምንም ለውጥ የለም። ጫናው ሻርዱን ተከትሎ ሌላ ኖድ ላይ ሄደ እንጂ አልተከፋፈለም። ለካስ የዛሬ ቀን አንድ ዋጋ ነው፣ አንድ ዋጋ ደግሞ ያለው አንድ ሀሽ ነው፤ የዛሬው ክፍያ በሙሉ አንድ ሻርድ ላይ ይወድቃል፣ የነገውም እንደዚያው። አራት ጎተራ ሠርቶ የዘንድሮውን እህል በሙሉ አንዱ ውስጥ መክተት ማለት ነው።

የተሳሳትነው ሁለት ነገር ስላደባለቅን ነው። ማከፋፈል ማለት ረድፉ የትኛው ማሽን ላይ ይቀመጥ የሚለው ነው። ፓርቲሽን ደግሞ ያንኑ ቴብል በጊዜ መቆራረጥ ነው። ቀን የሚሆነው ለሁለተኛው ነው።

አዲስ ቴብል ሠራን። ማከፋፈያው የነጋዴው መለያ ቁጥር፣ ፓርቲሽኑ በፈረንጅ ወር። የነጋዴዎችንና የቅርንጫፎችን ቴብል በዚያው ቁጥር ስላከፋፈልን የአንድ ነጋዴ ዳታ አንድ ኖድ ላይ ሆነ፣ ጆይኑ (ቴብሎቹን ማገናኘቱ) ከኖድ ኖድ አይዞርም። እንደ ባንክና ከተማ ዝርዝር ያሉትን ትንንሽ ቴብሎች ሬፈረንስ ቴብል አደረግናቸው፤ ሁሉም ኖድ ላይ ቅጂያቸው አለ። የድሮውን ዳታ በየሌሊቱ አንድ አንድ ወር እየገለበጥን አስገባን። አሁን የቆየ ወር ማጥፋት ፓርቲሽኑን ድሮፕ ማድረግ ብቻ ነው፣ ወዲያው ያልቃል።

ፓርቲሽኑን ግን አታብዙት። እያንዳንዱ ወር በራሱ 32 ሻርድ አለው። ሦስት ዓመት 36 ወር ነው፣ ያ 1,152 ትንንሽ ቴብል ይሆናል። በቀን ብንቆርጠው ኖሮ ኩዌሪውን (የሚቀርብለትን ጥያቄ) ማቀዱ ብቻ ዳታቤዙን ያደክመው ነበር።

ብዙ ያስጨነቀኝ ዩኒክ ኪው (አንድ ነገር ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክለው ደንብ) ነው። ዩኒክ የሚሆነው ነገር የማከፋፈያውንም የፓርቲሽኑንም አምድ መያዝ አለበት። ስለዚህ የደረሰኝ ቁጥር ብቻውን ፕራይመሪ ኪ (የረድፉ ዋና መለያ) መሆን አልቻለም፤ ነጋዴው፣ ሰዓቱና ደረሰኙ አንድ ላይ ሆኑ። ታዲያ ኔትወርክ ተቋርጦ ስልኩ ያንኑ ክፍያ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ቢልከውስ? ሰዓቱ ስለሚለይ ሁለቴ ይገባል። የሰው ገንዘብ ነውና ይህን ሳንፈታ ቴብሉን ሥራ ላይ ማዋል አልፈለግሁም። ነጋዴውንና የደረሰኝ ቁጥሩን ብቻ የያዘ፣ በነጋዴ የተከፋፈለ፣ ፓርቲሽን የሌለው ሌላ ቴብል ጨመርን። መጀመሪያ እዚያ ይመዘገባል፤ እዚያ ካለ ክፍያው አይገባም። ሁለቱም አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ናቸው (ወይ ሁለቱም ይገባሉ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ)፣ ኖዱም አንድ ስለሆነ ፈጣን ነው።

ሰዓትም ሌላ ጣጣ አመጣ። የመጀመሪያዎቹን ፓርቲሽኖች የፈጠርነው ከላፕቶፓችን በአዲስ አበባ ሰዓት ነበር። ቀጣዩን ወር የፈጠረው ግን ሰርቨሩ ላይ በዩቲሲ (ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) በራሱ የሚሠራው ጆብ ነው። በመሃል የሦስት ሰዓት ክፍተት ቀረ። ወሩ ሲለወጥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የመጣ ክፍያ ፓርቲሽን አጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የፓርቲሽኑን ድንበር ስንጽፍ የሰዓት ቀጠናውን አብረን እንጽፋለን።

አሁን አዲስ ኩዌሪ ሲመጣ መጀመሪያ ኤክስፕሌይን (ኩዌሪው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ትእዛዝ) ብዬ የታስኩን ቁጥር፣ ሥራው ስንት ቦታ እንደሚከፈል፣ አያለሁ። የነጋዴው ቁጥር ያለበት 1 ይላል፣ የተረሳበት 32። የሒሳብ ክፍል የሚፈልገው የሁሉም ነጋዴ ሪፖርት 32 መሆኑ አይቀርም፣ ያም ቢሆን አራቱ ኖዶች ተካፍለው ይሠሩታል። የኅዳር ሪፖርት ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 ወይም 11 ላይ ስለሚጀምር የኖቬምበርንና የዲሴምበርን ፓርቲሽን ይነካል፤ የቀሩትን ወሮች አይከፍታቸውም።