ክብሪት አምጡ!

ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ ልጻፈው።

መንዝ ነው። ከደብረ ብርሃን አልፈን፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ። የዳንስ ትርኢት ልናሳይ ሄደን፣ ሰው እንዲኖር ብለን የገበያ ቀን መረጥን። መድረክ የለም፤ ከበግ ተራው አጠገብ ጠጠር ለቅመን ሸራ አነጠፍን፣ ጄኔሬተር አስነሳን። ሕዝቡ እንዳይጠጋ ዙሪያውን ገመድ ወጠርን። አዲስ አበባ ላይ ሳይደክመኝ የምጨርሰው ሥራ እዚያ በአምስት ደቂቃ ትንፋሼን ቁርጥ ቁርጥ አደረገው።

ሥራው ስለ ስደት ነበር። መጨረሻው ላይ እኔ እወድቃለሁ። መሬት ላይ ሆኜ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዝም። ሦስቱ ጓደኞቼ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። አዲስ አበባ እዚህ ቦታ ላይ አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ቀጥሎ ጭብጨባ ነው።

መንዝ ላይ ግን ገና መንቀጥቀጥ ስጀምር «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ አንድ ሰውዬ የተጫረ ክብሪት አፍንጫዬ ሥር ይዟል። ሌላው እግሬን ጨምድዶ ይዞታል። አንዲት እናት ጋቢያቸውን አልብሰውኝ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«እማማ፣ ደህና ነኝ። ጭፈራ ነው።»

«የምን ጭፈራ ነው እንዲህ ያለ?»

«የተሰደደ ልጅ ነው፤ መንገድ ላይ ወድቆ ነው።»

ቀና ብለው ጓደኞቼን አዩዋቸው። «እነዚያስ?»

«አብረውት የወጡ ናቸው።»

«ጥለውት ነው የሚሄዱት?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኛም እንደነሱ ቆመን እንድናይ ነው የመጣችሁት?»

መልስ አጣሁ። ጋቢውን ላወልቅ ስል እጄን ያዙኝ። «ላብህ ሳይደርቅ አይሆንም፣ ብርድ ይመታሃል» አሉኝ። ዕቃችንን ጭነን እስክንጨርስ ገበያቸውን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ።

የላከን ድርጅት ሪፖርት ላይ ምን ተጻፈ? «የማኅበረሰቡ የኪነ ጥበብ ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ ትርኢቱ ተቋርጧል።» ሳነበው ደሜ ፈላ። እኔ በሙያው ከቆየሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሥራው የገባው ተመልካች አላጋጠመኝም። ትከሻውን በእስክስታ እያናገረ፣ ለቅሶ ላይ ደረት እየደቃ ያደገ ሰው አካል ማንበብ ያቅተዋል? እዚያ አገር ጭፈራ ክብ ነው። ያጨበጨበው ይገባል፣ የደከመው ይወጣል። ለብቻው ተቀምጦ የሚያይ የለም። ገመድ የወጠርነው እኛ ነን።

ኮንቴምፖራሪ የሚባለውን ዘመናዊ ዳንስ ያስተማሩኝ አዱኛ ውስጥ ያደጉ ልጆች ናቸው። አዱኛ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና ልጆች ጋር የተጀመረ ቡድን ነው። እነሱ ዳንስን ሰው ካለበት እንድንወስድ አጥብቀው ይነግሩን ነበር። ሄደን ስናበቃ ሰውን በገመድ መከልከላችን ነው የሚቆጨኝ።

ለቀጣዩ ከተማ ዳንሱን የሚያቀናብረው ኮሪዮግራፈራችን መጨረሻውን ቀየረው። ከሦስቱ አንዱ ተመልሶ ያነሳኛል። ሰው አጨበጨበ፣ ሥራው ያለ እንከን አለቀ፣ እኛም በሰዓቱ ተመለስን። ሁሉም ተደሰተ። እኔ ግን የድሮው መጨረሻ ይመለስ፣ ገመዱም ይቅር እያልኩ እስከ ዛሬ እየተከራከርኩ ነው። እሱ «እንደገና ቢያቋርጡንስ?» ይለኛል። ያቋርጡና!