«ፎይብል»፦ ሦስት ሳምንት ያቆመኝ ቃል

የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነምንጫቸው ማጥናት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሞላኝ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የሚተረክ የላቸውም፤ በየማታው ጥቂት ቃላት እየመዘገብኩ ሁለት ደብተር ጨርሻለሁ። ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሦስት ሳምንት አላሳልፍ ብሎኝ ቆይቶ በመጨረሻ የተገለጠልኝ አንድ ቃል ነው።

ነገሩ የጀመረው የሕክምና ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ስተረጉም ነው። መዝገበ ቃላቴ ከ«ፎይብል» ፊት ለፊት «ድክመት» ብቻ ብሎ ስላለፈ፣ ታማሚው ከሕመሙ በኋላ የተሰማውን የሰውነት ድካም በዚሁ ቃል ተረጎምኩት። ያረመልኝ ባልደረባዬ በቀይ አስምሮ «ይህ የጠባይ እንጂ የሰውነት አይደለም» ብሎ ጻፈበት። ልዩነቱ ለምን እንደመጣ ሳላውቅ ማለፍ አልቻልኩም።

ሥሩን ስፈልግ ያገኘሁት ሰይፍ ነው። ቃሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሰይፍ ግጥሚያ ቃል ነበር፤ ከሰይፉ መካከል እስከ ጫፉ ያለው ክፍል «ፎይብል»፣ ከመካከሉ እስከ እጀታው ያለው ብርቱ ክፍል ደግሞ «ፎርቴ» ይባላል። ይህን በዓይኔ ለማየት የመጥረጊያ እንጨት በአንድ እጄ ዘርግቼ ይዤ፣ ልጄ ጫፉን በአንድ ጣቷ እንድትገፋው ነገርኳት፤ ክንዴ ወደ ጎን ዞረ። እጄ አጠገብ ስትገፋው ግን ንቅንቅ አላለም። እንጨቱ ያው አንድ እንጨት ነው፤ ጫፉን ደካማ ያደረገው ከእጄ መራቁ ነው። «ፎይብል» ለሰው ጠባይ ሲውልም ሰውየውን በሞላ ደካማ የማያሰኝ፣ ነገር ግን በዚያ በኩል ሲነኩት የሚሸነፍበትን ቦታ ያመለክታል። እንደ እኔ እምነት የሚቀርበው የአማርኛ ቃል «ዓመል» ነው፤ ደግ ሆኖ ቀጠሮ የማያከብርን ሰው «ምን ይደረግ፣ ዓመሉ ነው» እንደምንለው። ሆኖም «ዓመል ያወጣል ከመሃል» ስንል ቃሉ ስለሚከብድ ልኩ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም።

የበለጠ የደነቀኝ መንታው ነው። ለታማሚው ሰውነት ይስማማ የነበረው «ፊብል» ከ«ፎይብል» ጋር አንድ እናት አለው፤ የሁለቱም መነሻ «ማልቀስ» ከሚለው ግስ የወጣው የላቲኑ «ፍሌቢሊስ»፣ ማለትም «የሚያስለቅስ» ነው። ከሁለቱ «ል»ዎች የፊተኛው በፈረንሳይኛ ስለወደቀ ዝምድናው በቀላሉ አይታይም። «ፊብል» በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገብቶ ለሰውነት ሲቀር፣ «ፎይብል» ዘግይቶ በሰይፍ በኩል መጣ። እኛም ከ«ደከመ» ሁለት ልጆች፣ «ድካም»ንና «ድክመት»ን፣ አውጥተን ሥራ አከፋፍለናቸዋል።

ስለዚህ ቃልን በሁለት ዓምድ፣ እንግሊዝኛውን በግራ አማርኛውን በቀኝ ጽፎ መሸምደድን አጥብቄ እቃወማለሁ። አንድ ቃል ስትይዙ መንታውን ፈልጉ፤ «ፍሬይል» (ደካማ፣ አቅም ያነሰው) እና «ፍራጃይል» (በቀላሉ ተሰባሪ) ሁለቱም «የሚሰበር» ከሚለው አንድ የላቲን ቃል ወርደው፣ አንዱ ቀድሞ በፈረንሳይኛ በኩል፣ ሌላው ዘግይቶ ለላቲኑ በቀረበ መልክ የገቡ ናቸው። መንገዴ አዝጋሚ መሆኑን ግን አልሸሽግም። ከእኔ ጋር የጀመረ ጓደኛዬ በዚያው በምቃወመው መንገድ እጥፍ ቃላት ይዟል፤ እኔ ደግሞ «ፎይብል»ን በንግግር መካከል እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀምኩበትም። በዚህ ሳምንት የያዝኩት «ያልጸና» ከሚል የላቲን ቃል የመጣውን «ኢንፈርሚቲ»ን፣ ማለትም ከሕመም ወይም ከእርጅና የሚመጣ ድካምን፣ ነው።